ረጅሙ ሰልፍ ስለ ውጤቱ ምን ይነግረናል? የምዝገባና የመራጭ ቁጥር ከአርሲ ደጋ ሲታይ

የምርጫ ሰሞን ሲመጣ ከዕጩዎች ስም ቀድሞ የሚሰማው ቁጥር ነው። ይህን ያህል ሺህ ጣቢያ ተከፈተ፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ሰው ካርድ ወሰደ፣ እገሌ ዞን ከዕቅዱ በላይ መዘገበ ይባላል። በድምፅ መስጫው ዕለት ደግሞ ጎህ ሳይቀድ የተሰለፈ ሕዝብ በቴሌቪዥን ይታያል። ገዥው ፓርቲ በሰልፉ ርዝመት ድጋፉን ያነባል። ተቃዋሚው ለውጥ የፈለገ ሕዝብ ነቅሎ ወጣ ይላል። ሁለቱም አንዱን ሰልፍ እያዩ ተቃራኒ ውጤት ይተነብያሉ።

ሕገ መንግሥቱ ለተወካዮች ምክር ቤት በሰጠው የአምስት ዓመት ዘመን መሠረት ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ 2018 ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጥያቄው ወቅታዊ ነው፤ ድምፅ ከመቆጠሩ በፊት የሚወጡት የምዝገባና የመውጣት ቁጥሮች ስለ አሸናፊው የሚነግሩን ነገር አለ ወይ?

አሰላና በዙሪያዋ ያለው የአርሲ ደጋ ይህን ለመመርመር አመቺ ቦታ ነው። በጭላሎ ተራራ ሥር የተቀመጠችው አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዞኑ በ1999ኙ ሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበረው። አብዛኛው ሕዝብ ስንዴና ገብስ አምራች ገበሬ ነው። ኦሮሞውና አማራው፣ ሙስሊሙና ኦርቶዶክሱ ተቀላቅለው ይኖራሉ። የመንግሥት እጅም ከገበሬው ደጅ ከደረሰ ቆይቷል። በስዊድን ድጋፍ በ1960 ገደማ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በምህጻረ ቃሉ ካዱ፣ ምርጥ ዘርን፣ ማዳበሪያንና ብድርን ከሀገሪቱ ብዙ አካባቢዎች ቀድሞ ለአርሲ ገበሬ አስተዋውቋል። እዚህ ገበሬው ከመዋቅሩ ጋር ያለው ትስስር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ ስለ ምርጫ ቁጥር ስናወራ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ይኸው ትስስር ነው።

የዚህ ጽሑፍ መደምደሚያ በአጭሩ ይህ ነው። የቅድሚያ ቁጥሮች የሚለኩት መራጩ ማንን እንደሚመርጥ ሳይሆን ወደ ጣቢያው ያመጣው ኃይል ምን ያህል እንደበረታ ነው። ያመጣው ፉክክር ከሆነ ቁጥሩ ስለ ውጤቱ ፍንጭ ይሰጣል። ያመጣው መዋቅር ከሆነ ግን የሚናገረው ስለ መዋቅሩ ብቻ ነው። (ዓመቶቹ፣ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካኖች የሚያነቡት፣ እኛ የማናነበው

ቀድሞ በተሰጠ ድምፅ ውጤት የመገመት ልማድ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በዚያ በብዙ ግዛቶች መራጩ ከዋናው ቀን ሳምንታት ቀደም ብሎ በአካል ወይም በፖስታ ድምፁን መስጠት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዲህ መርጠዋል። በርካታ ግዛቶች መራጩ ሲመዘገብ የፓርቲ ወገንተኝነቱንም ስለሚመዘግቡ፣ ማን ማንን እንደመረጠ ባይታወቅም የየትኛው ፓርቲ ሰዎች በብዛት እንደወጡ ከዋናው ቀን በፊት ይታወቃል። ተንታኞች ትንበያቸውን የሚገነቡት በዚህ መረጃ ላይ ነው።

እዚያም ቢሆን ንባቡ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የዴሞክራቶች ደጋፊዎች በወረርሽኙ ምክንያት ቀድመው መረጡ፤ ብዙ ሪፐብሊካኖች ዋናውን ቀን ጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የትራምፕ ወገን ደጋፊዎቹን ቀድመው እንዲመርጡ ሲገፋፋ ሥዕሉ ተቀየረ። ከዚህ የተማሩት ነገር ቢኖር ቀድሞ የወጣ ድምፅ ሁልጊዜ አዲስ ድምፅ እንዳልሆነ ነው። ብዙ ጊዜ ነገ ሊወጣ የነበረው ሰው ዛሬ ወጣ ማለት ብቻ ነው።

በእኛ ሀገር ለሁሉም መራጭ ክፍት የሆነ የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ሰሞን አልተለመደም። ከቀዬያቸው ለራቁ ወታደሮች፣ ለተፈናቃዮችና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልዩ ጣቢያዎች ይቋቋማሉ። በምዝገባ መዝገቡ ላይም የፓርቲ ወገንተኝነት የሚባል ዓምድ የለም። ስለዚህ ከቆጠራ በፊት በእጃችን የሚገቡት ምልክቶች ሦስት ናቸው፦ የመራጮች ምዝገባ ፍጥነትና መጠን፣ በድምፅ መስጫው ዕለት ማለዳ የሚታየው ሰልፍ፣ እንዲሁም የምርጫ ቦርዱ የሚያሳውቀው የመራጮች ተሳትፎ በመቶኛ። ሦስቱም የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው።

ሦስት ምርጫ፣ አንድ ዓይነት ሰልፍ

ወጥመዱን ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ይበቃል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ከተመዘገበው መራጭ ከ80 በመቶ በላይ ወጥቶ ድምፅ ሰጠ። በብዙ ጣቢያዎች ሕዝቡ እስከ ሌሊት ተሰልፎ ነበር። የዚያ ሰልፍ ውጤት ገዥውን ግንባር ኢሕአዴግን ያስደነገጠ ነበር። ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። በመጨረሻው ይፋ ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ 11 መቀመጫ አገኙ።

ግንቦት 15 ቀን 2002 ሰልፉ እንደገና ታየ፤ ተሳትፎውም ከፍ ብሎ 93 በመቶን አለፈ። የተመዘገበው መራጭ ወደ 32 ሚሊዮን ነበር። ውጤቱ ግን የ1997ቱ ተቃራኒ ሆነ፦ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። በአዲስ አበባ ለተቃዋሚ የቀረችው አንዲት መቀመጫ ብቻ ነበረች። ግንቦት 16 ቀን 2007 ደግሞ ወደ 37 ሚሊዮን ከሚጠጋ ተመዝጋቢ እንደገና ከ93 በመቶ በላይ ወጣ፤ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም አሸነፉ።

ከ1997 እስከ 2002 ሰልፉ አልተቀየረም። የተቀየረው ሰልፉን የሚያደራጀው ነው። ከ1997 በኋላ ኢሕአዴግ አባላቱን በፍጥነት አብዝቶ በ2002 ከአምስት ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሉት ይናገር ነበር። ይህ ከተመዘገቡት ስድስት ሰዎች አንዱ የፓርቲ አባል ነው እንደማለት ነው። እያንዳንዱ አባል ቤተሰቡንና ጎረቤቱን ይዞ ቢወጣ የሰልፉ ርዝመት ከዘመቻው በፊት ተወስኗል ማለት ይቻላል። ገጠር ውስጥ በልማት ቡድንና በአንድ ለአምስት የተደራጀው ገበሬ ደግሞ መውጣት አለመውጣቱ በቡድኑ መሪ የሚታወቅ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሆነው ግን ከ2007 በኋላ የሆነው ነው። ገዥው ግንባር መቶ በመቶ ካሸነፈበት ምርጫ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008፣ ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ምዕራብ አርሲም ከጠነከረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነበር። መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። የ93 በመቶው ተሳትፎ ስለ ሕዝቡ ስሜት የሚናገር ቢሆን ኖሮ ይህን ሊያስጠነቅቅ በተገባው ነበር። አላስጠነቀቀም፤ ምክንያቱም የለካው ስሜትን አልነበረም።

2013፦ ቀርፋፋ ምዝገባ፣ የሞላ ሰልፍ

ስድስተኛው ምርጫ ለየት ያለ ትምህርት ይሰጣል። በኮቪድ ምክንያት ከነሐሴ 2012 የተራዘመው ይህ ምርጫ የተመራው በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በሚመራው፣ በአዲስ ሕግ (በአዋጅ ቁጥር 1133/2011) በተደራጀ ቦርድ ነበር። የመራጮች ምዝገባ መጋቢት 16 ቀን 2013 ሲጀመር ቦርዱ በዕቅዱ እስከ 50 ሚሊዮን መራጭ ይጠብቅ ነበር። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን የተመዘገበው ሰው ከታሰበው እጅግ ያነሰ ሆነ።

ብዙዎች ወዲያው «ሕዝቡ ምርጫውን ተወው» አሉ። ምክንያቱ ግን አንድ አልነበረም። ጣቢያዎች ራሳቸው በጊዜ አልተከፈቱም፤ ቁሳቁስ ያልደረሰባቸውና በጸጥታ ምክንያት የዘገዩ ብዙ ነበሩ። የምዝገባው ወቅት ከዐቢይ ጾም ማብቂያ፣ ከፋሲካና ከረመዳን ጋር ተደራርቦ ነበር። ሕዝቡም የመጨረሻውን ቀን የመጠበቅ ልማድ አለው። ቦርዱ ምዝገባውን አራዘመ፣ ድምፅ መስጫውንም ከግንቦት 28 ወደ ሰኔ 14 ገፋው። በመጨረሻ የተመዘገበው ከ37 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

ሰኔ 14፣ ሰኞ ዕለት፣ ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሳ ቦርዱ የድምፅ መስጫ ሰዓቱን ከምሽቱ 12 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት አራዘመ። የድምፅ መስጫ ወረቀት ያለቀባቸው ጣቢያዎች ነበሩ፤ በሲዳማ ምርጫው በማግስቱ ቀጠለ። ቦርዱ ተሳትፎው ከ90 በመቶ በላይ እንደነበር አስታወቀ፤ ገዥው ብልጽግና ፓርቲም ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አሸነፈ። በሚያዝያ «ሕዝቡ ተወው» ያለውም፣ በሰኔ 14 ማለዳ ሰልፉን አይቶ «ፉክክሩ ጦፏል» ያለውም ተሳሳተ።

ውጤቱን አስቀድሞ የተናገረ ምልክት ግን ነበር፤ የዕጩዎች ዝርዝር። በኦሮሚያ ዋና ተፎካካሪ ይሆናሉ ተብለው የተጠበቁት የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) እና የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) መሪዎቻቸውና አባሎቻቸው መታሰራቸውን፣ ቢሮዎቻቸውም መዘጋታቸውን በመጥቀስ በየካቲት 2013 ከምርጫው ወጥተዋል። ስለዚህ በክልሉ ብዙ የምርጫ ክልሎች የገዥው ፓርቲ ዕጩ ጠንካራ ተፎካካሪ አልነበረበትም፤ ብቻውን የቀረበበትም ቦታ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ 50 በመቶ ሕዝብ ቢወጣም 95 በመቶ ቢወጣም አሸናፊው ያው ነው።

ከአርሲ ደጋ፦ ቁጥሩን የሚሠሩት ነገሮች

አሁን ወደ ጢዮ፣ ሄጦሳ፣ ድገሉና ጢጆ፣ ሌሙና ቢልቢሎ እንውረድ። ቁጥሩ እዚህ ከምን እንደሚሠራ ቢታይ የሀገር አቀፉ ቁጥር ትርጉም ይጠራል።

መጀመሪያ ወቅቱ ነው። ሰኔ በአርሲ ደጋ የዘር ወቅት ነው። ስንዴው መሬት የሚገባበት፣ እያንዳንዱ ደረቅ ቀን የሚቆጠርበት ጊዜ ነው። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ነው። የገጠር መንገድ ይጨቀያል፤ ጋሪ ይቆማል፤ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር የቀበሌው ትምህርት ቤት ግቢ ይርቃል። ስለዚህ ገበሬው ካርዱን ይዞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይሰለፋል፤ አውራ ጣቱ ላይ ቀለም ተቀብቶ ወደ እርሻው ይመለሳል። በእንዲህ ያለ አገር የማለዳ ሰልፍ ረዘመ ማለት የቀኑ ጠቅላላ ተሳትፎ ከፍ ይላል ማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሊበተን የሚችለው ሕዝብ ዝናቡን ሽሽት ሦስትና አራት ሰዓት ውስጥ ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ በሳምንታት የሚታየው የጊዜ ሽግሽግ እዚህ በሰዓታት ይታያል።

ሁለተኛው የቀበሌና የኅብረት ሥራ መዋቅር ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው የሚደርሰው በአብዛኛው በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር በኩል ነው፤ ፍላጎቱም በቀበሌ ደረጃ ስም በስም ተመዝግቦ ነው። ይህ ሥርጭትና የምርጫው ሰሞን በበልግ ማብቂያና በክረምት መግቢያ ላይ ይገጣጠማሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ባወጣው ዘገባ ዕርዳታና የግብርና ግብዓት ለፖለቲካ ታማኝነት መያዣ ሆኗል ሲል ከሷል፤ መንግሥት በወቅቱ ክሱን አስተባብሏል። ክሱን ለጊዜው ትተን አሠራሩን ብቻ እንይ። ካርድ ያልወሰደ ማዳበሪያ አያገኝም የሚል ማንም ባይኖር እንኳ፣ የማዳበሪያውን ስም ዝርዝር የያዘውና ለምርጫ ውጡ ብሎ የሚቀሰቅሰው አንድ ሰው ሲሆን ገበሬው ሒሳቡን ራሱ ይሠራል። ካርድ መውሰድ ወጪ የለውም፤ አለመውሰድ ግን ምን እንደሚያስከትል አይታወቅም። ስለዚህ ይወስዳል። ይህ ውሳኔ ስለ ድጋፉም ሆነ ስለ ተቃውሞው የሚናገረው ነገር የለም።

ሦስተኛው የዕቅድና ክንውን ባህል ነው። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚወጣው ሪፖርት የሚመዘነው በመቶኛ ነው። ምዝገባን ማስፈጸም የቦርዱ ሥራ ቢሆንም ሕዝቡን የማንቀሳቀሱ ጫና ያለው ሪፖርቱን በሚጽፈው አስተዳደር ላይ ነው። ከፍተኛ ቁጥር ለቀበሌው ሊቀ መንበር የሥራ ስኬት፣ ለፓርቲው ቅቡልነት፣ ለቦርዱ ደግሞ የአደረጃጀት ማሳያ ይሆናል። ዝቅተኛ ቁጥር የሚጠቅመው ከምርጫው የወጣውን ተቃዋሚ ብቻ ነው። ቁጥሩን ወደ ላይ የሚገፉት እጆች ብዙ ናቸው፤ ወደ ታች የሚጎትቱት ጥቂት።

አራተኛው የጎደለው ሰው ነው። ከአርሲ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ወጣት፣ በተለይም ሴት፣ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በ2013 በውጭ ሀገር ሆኖ ድምፅ የሚሰጥበት አሠራር አልነበረም። ወደ አዳማና አዲስ አበባ የሄደውም በአዲሱ ቦታ የስድስት ወር ነዋሪነቱን ካላሟላ ከሁለቱም መዝገብ ይጎድላል። ለውጥ በመፈለግ ይታወቃል የሚባለው የዕድሜ ክልል ከመዝገቡ ሲሳሳ የቀረው መራጭ ይበልጥ በዕድሜ የገፋ፣ ይበልጥም ከመሬቱና ከመዋቅሩ ጋር የተሳሰረ ይሆናል። ይህ በተሳትፎ መቶኛው ላይ አይታይም፤ ያልተመዘገበ ሰው ከስሌቱ ውጭ ነውና።

አምስተኛው ጸጥታ ነው። ሰኔ 2012 ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በአርሲ ከተሞች የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ንብረትም ወድሟል። በኅዳር 2016 በሽርካ ወረዳ ኦርቶዶክሳውያን ምእመናን መገደላቸውን ቤተ ክርስቲያኒቱ አስታውቃለች። እንዲህ ያለ ሥጋት በሁለት አቅጣጫ ይሠራል። አንዳንዱን ቤቱ ያስቀምጠዋል፤ ሌላውን ደግሞ ሰላም ያስከብርልኛል ብሎ ወዳሰበው ኃይል እንዲወጣ ይገፋዋል። ከሩቅ ሆኖ የትኛው እንደበረታ ከቁጥሩ መለየት አይቻልም።

90 በመቶ ከምን ላይ?

«ከ90 በመቶ በላይ» ሲባል አካፋዩ የተመዘገበው ሕዝብ ነው እንጂ ለመምረጥ ዕድሜው የደረሰው ሕዝብ በሙሉ አይደለም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ በአሰላም ሆነ በሌላ ቦታ 18 ዓመት የሞላው ሰው ስንት እንደሆነ የሚታወቀው በግምት ነው።

የ2013ን ቁጥር በዚህ ዓይን እንየው። 37 ሚሊዮን ከ50 ሚሊዮን ዕቅድ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ አይሞላም። ከተመዘገበው 90 በመቶ ወጣ ሲባል ከታሰበው መራጭ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ወጣ ማለት ነው። በ2007 የተመዘገበው 37 ሚሊዮን የሚጠጋ እንደነበር ካስታወስን ደግሞ በስድስት ዓመት ውስጥ መዝገቡ አላደገም ማለት ይቻላል። በ2013 ትግራይና ሌሎች አንዳንድ አካባቢዎች አለመካተታቸው የልዩነቱን ከፊል ያስረዳል። ትግራይ ግን ከ547 መቀመጫ ድርሻዋ 38 ነው፤ ሕዝቡ በየዓመቱ በሚጨምርበት ሀገር የቀረውን የሚያስረዳው የመዝገቡ መሳሳት ነው። እውነተኛው የፍላጎት ምልክት ካለ እዚህ፣ በምዝገባው ክፍተት ውስጥ ነው የሚገኘው። ይሁንና ክፍተቱ የተቃውሞ፣ የግዴለሽነት፣ የሥጋትና የሎጂስቲክስ ድምር እንጂ የአንዱ ብቻ ውጤት አይደለም።

የምርጫ ሥርዓቱም ነገሩን ያወሳስበዋል። በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ የበለጠ ያሸንፋል። በምሳሌ እንየው። በአንድ የምርጫ ክልል 60 ሺህ ሰው ተመዝግቦ 54 ሺህ ወጣ እንበል፤ ተሳትፎው 90 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ አንድ ዕጩ ብቻ ቀርቦ 50 ሺህ ያገኛል፤ አራት ሺህ ወረቀት ባዶ ወይም ዋጋ አልባ ይሆናል። በሁለተኛው ሦስት ዕጩዎች ቀርበው 20 ሺህ፣ 17 ሺህና 17 ሺህ ያገኛሉ። አሸናፊው በ37 በመቶ ድምፅ መቀመጫውን ይወስዳል፤ ተቀናቃኞቹ ቢተባበሩ ኖሮ ይሸነፍ ነበር። በሁለቱም ተሳትፎው ያው 90 በመቶ ነው።

ወሳኙ የጠቅላላው ተሳትፎ መጠን ሳይሆን የልዩነቱ ስፍራ ነው። ከተማና ገጠር በአንድ የምርጫ ክልል እኩል 40 ሺህ፣ 40 ሺህ መራጭ አላቸው እንበል። ገጠሩ 90 በመቶ፣ ከተማው 60 በመቶ ቢመዘገብ ከ60 ሺህ መዝገብ ውስጥ 36 ሺው የገጠር ይሆናል። እኩል የነበረው ክብደት ስድስት ለአራት ሆነ። የከተማው ወጣት ከገጠሩ ሽማግሌ የተለየ ምርጫ ካለው ውጤቱ ያዘነበለው ሰው ካርድ ሲወስድ ነው፤ ዘመቻው ገና ሳይጀመር።

ከኬንያ የሚገኝ ትምህርት

በምዝገባ ቁጥር ብቻ ውጤት በትክክል የተነገረበት ጊዜ የለም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኬንያዊው ተንታኝ ሙታሂ ንጉኚ ምዝገባው እንዳለቀ የየአካባቢውን መዝገብ ደምሮ ምርጫው ገና ሳይካሄድ ኡሁሩ ኬንያታና ዊሊያም ሩቶ አሸንፈዋል አለ። «የቁጥር አምባገነንነት» በሚል የታወቀው ይህ ስሌት ሠራ፤ ኡሁሩ 50.07 በመቶ አገኘ። የሠራው በሁለት ምክንያት ነው፤ የየአካባቢው ሕዝብ ለየትኛው ጥምረት እንደሚሰጥ ቀድሞ ይታወቅ ነበር፣ ጥምረቶቹም ሁለቱም በወረቀቱ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ከተመዘገበው የወጣው ወደ 65 በመቶ ሲወርድ መዝገብን መደመር ብቻውን አልበቃም፤ የማን መሠረት ቤቱ እንደቀረ ማወቅ ያስፈልግ ነበር።

አርሲ ላይ እነዚህ ሁኔታዎች አይሟሉም። ሕዝቡ የተቀላቀለ ነው፤ የፓርቲ ወገንተኝነቱም በፉክክር ለብዙ ጊዜ አልተፈተነም። ከ1997 ወዲህ በሁሉም ወገን ተቀባይነት ያገኘ፣ እውነተኛ ተፎካካሪዎች የተሳተፉበት ምርጫ ስላልተካሄደ መነሻ የሚሆን መረጃ የለም። መነሻ በሌለበት የምዝገባ ቁጥር አድጓል ወይም ቀንሷል ከማለት ያለፈ ስሌት አይሠራም።

ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ የ2013 ድግግሞሽ ነው። በኦሮሚያ ሕዝባዊ መሠረት ያላቸው ተቃዋሚዎች በሙሉ አቅማቸው ካልቀረቡ፣ ከአሥር ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሉት የሚናገረው ብልጽግና በአርሲ ከፍተኛ ምዝገባና ከፍተኛ ተሳትፎ ያስመዘግባል፤ መቀመጫዎቹንም ይወስዳል። ቁጥሩ ውጤቱን የሚያመላክት ይመስላል፤ ሁለቱንም የሚወልደው ግን ያው መዋቅር ነው።

ሁለተኛው እውነተኛ ፉክክር ነው። ኦፌኮን የመሰሉ ፓርቲዎች በየወረዳው ዕጩ፣ ቢሮና የጣቢያ ወኪል ይዘው ቢገቡ ምዝገባው ምናልባት ከ2013 ብዙ ላይለይ ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ይለወጣል። የአሰላ፣ የበቆጂና የኢተያ የከተማ ጣቢያዎች ቁጥር ከገጠሩ አንጻር ቢጨምር ይህ የለውጥ ፍላጎት የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የተቃዋሚው ጎራ መከፋፈል ወሳኝ ነው፤ ከላይ እንዳየነው በ37 በመቶም ማሸነፍ ይቻላልና።

ሦስተኛው የመሳሳት መንገድ ነው። በጸጥታ፣ በኑሮ ውድነትና በተስፋ መቁረጥ ምክንያት ምዝገባው ከዕቅድ በታች ቢቀር፣ ከተመዘገበው ግን 90 በመቶ ወጥቶ ቢመርጥ ይፋው መቶኛ ያማረ ይሆናል፤ መሠረቱ ግን ጠቧል። አሸናፊው በዚህም አይቀየርም፤ የሚቀየረው አሸናፊው በቀጣዮቹ ዓመታት የሚኖረው ቅቡልነት ነው። የ2007 ልምድ ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ሦስቱን ስንመዝን ለአርሲ ደጋ ቅርቡ የመጀመሪያው ነው፤ ከሦስተኛው ጋር ሊቀላቀልም ይችላል። ሁለተኛውን ሊያመጣ የሚችለው የምዝገባ ቅስቀሳ ሳይሆን ከምዝገባ በፊት የሚወሰነው የፖለቲካ ምኅዳር ነው። ኦሮሚያ ከ547 መቀመጫ 178ቱን ስለያዘች፣ ይህም አንድ ሦስተኛ ስለሚጠጋ፣ በዚህ ክልል የሚሆነው የማንኛውም ብሔራዊ አብላጫ መሠረት ነው።

ቁጥሩን ትቶ ምን ማየት?

ለአንባቢ የሚጠቅም ቅደም ተከተል ቢሰጥ እንዲህ ይሆናል። መጀመሪያ የዕጩዎች ዝርዝር ይታይ፤ በምርጫ ክልሉ ስንት ዕጩ አለ፣ ስንቱስ ቢሮውን ከፍቶ ቀስቅሷል? ቀጥሎ የምዝገባው ስርጭት፤ ከተማና ገጠር፣ ወንድና ሴት፣ ወጣትና ሽማግሌ እንዴት ተከፋፈሉ? ምዝገባው ወደ ዲጂታል ሲሻገር ይህ ዝርዝር በቀላሉ ሊወጣ ይችላል፤ ቦርዱ በጣቢያ ደረጃ ይፋ ቢያደርገው ከጠቅላላ መቶኛው የበለጠ ይናገራል። ሦስተኛ፣ በየጣቢያው የተፎካካሪ ወኪልና የሲቪል ማኅበራት ታዛቢ መኖሩ፤ ኮሮጆው ሲከፈትና ሲቆጠር ከአንድ ወገን በላይ አይቶት ነበር ወይ? በመጨረሻም ቆጠራው ሲያበቃ በጣቢያው በር ላይ ከሚለጠፈው ውጤት ውስጥ ዋጋ አልባ የተባሉት ወረቀቶች ብዛት። ለመውጣት እንጂ ለመምረጥ ያልፈለገ ሕዝብ ካለ ምልክቱን ሊያሳይ የሚችለው እዚያ ነው።

ከፍተኛ ተሳትፎ ሁልጊዜ የግዴታ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። የአርሲ ገበሬ ድምፁን እንደ ግዴታም፣ እንደ መብትም፣ እንደ ተስፋም ሊሰጥ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሦስቱ ተቀላቅለው ነው የሚወጣው። ቁጥሩ ይህን ድብልቅ አይለይም። ፉክክር ሲኖር ግን ድብልቁን ውጤቱ ራሱ ይለየዋል፤ የ1997 ሰልፍ ትርጉም ያገኘው ከዚያ ነው። ስለዚህ ቦርዱ የመጀመሪያውን የምዝገባ ቁጥር ሲያሳውቅ ከመደሰትም ከማዘንም በፊት የዚያን የምርጫ ክልል የዕጩዎች ዝርዝር መጠየቅ ይቀድማል። በዝርዝሩ ላይ ሁለት ብርቱ ስሞች ካሉ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ይጠቅማል። አንድ ብቻ ካለ ውጤቱን ለማወቅ ሰልፉን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የተሳትፎው ቁጥርም ከዚያ በኋላ የሚያገለግለው ለአስተዳደሩ ሪፖርት ነው።